ዚንኩ የማን ነው? በኒው ጀርሲ የፍራንክሊን ማዕድን ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

በ1840ዎቹ መጨረሻና በ1850ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል የአንድ ኮረብታ ማዕድን ለሁለት ወገን ተሸጠ። የዚንክ ማዕድኑን አንድ ኩባንያ ገዛ። ፍራንክሊናይት የሚባለውን ጥቁር ማዕድንና የብረት ማዕድኑን ደግሞ ሌላው ገዛ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወረቀት ላይ ክፍፍሉ ግልጽ ነበር። ድንጋዩ ሲወጣ ግን ሁለቱ ማዕድናት ጡጫ በምታክል አንዲት ቁራጭ ውስጥ እንደ ምስርና ሽምብራ ተደባልቀው ተገኙ። ፍራንክሊናይቱ ራሱም በውስጡ ዚንክ ነበረው። የተደባለቀው ድንጋይ የማን ነው? ክሱ ከችሎት ችሎት ሲንከባለል ኖሮ የተዘጋው ተፎካካሪዎቹ በ1897 በአንድ ኩባንያ ሥር ሲጠቃለሉ ነው።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ዛሬም በየናሙናው የማየው ነገር ነው። ከላቦራቶሪ “ዚንክ 12 በመቶ” የሚል ውጤት ይመጣል፤ ሰዉ በደስታ ወደ ስሌት ይገባል። ያ ቁጥር የዚንኩን መጠን ብቻ ይናገራል። ዚንኩ በየትኛው ማዕድን ውስጥ እንደተቀመጠና ያ ማዕድን ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደተሰካካ አይናገርም። ፍራንክሊን ላይ ግማሽ ምዕተ ዓመት የፈጀው ጥያቄ ይህ ነበር።

ቦታው

ክምችቶቹ ሁለት ናቸው፤ ፍራንክሊንና ስተርሊንግ ሂል። አራት ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ሁለቱም ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠረ ዕብነ በረድ ውስጥ የተኙ ሲሆኑ፣ ከዐለቱ ጋር ስለታጠፉ ቅርጻቸው እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው። በጥልቀት ሳሉ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንደሚሆን የሚገመት ሙቀት አልፎባቸዋል። በዚያ ሙቀት መጀመሪያ የነበረው ደቃቅ ደለል ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ ተሠርቶ ትልልቅ ቅንጣት ያለው ድንጋይ ሆኗል።

የቦታው ልዩ ጠባይ የድኝ እጥረት ነው። በአብዛኛው ዓለም ዚንክ የሚገኘው ከድኝ ጋር ተጣምሮ ስፋሌራይት በሚባለው ማዕድን መልክ ነው። እርሳስም አብሮት ይመጣል። እዚህ ግን ዚንኩ ከኦክስጅንና ከሲሊካ ጋር ነው የተጣመረው፤ በዋናው ማዕድን ውስጥ ድኝም እርሳስም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከሁለቱ ክምችቶች በድምሩ ከ30 ሚሊዮን ቶን በላይ ማዕድን የወጣ ሲሆን የዚንክ ይዘቱ 20 በመቶ ገደማ ነበር። ለዚንክ ይህ እጅግ የበለጸገ ማዕድን ነው።

ድንጋዩ በቅርብ ሲታይ

ከጠረጴዛዬ ላይ አንድ የፍራንክሊን ቁራጭ አለ። ሲያዩት ነጭ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ቀይ የተዘራበት ነው። ስታነሡት መጀመሪያ የሚገርማችሁ ክብደቱ ነው፤ መጠኑን ካየ እጅ የሚጠብቀው ይህን ያህል አይደለም።

ነጩ ካልሳይት ነው፤ በቢላ ይጫራል። ጥቁሮቹ ፍራንክሊናይት ናቸው፤ ማዕዘናቸው የተድበለበለ፣ አንዳንዶቹ የምስር፣ አንዳንዶቹ የባቄላ ፍሬ የሚያክሉ። ወደ አረንጓዴና ወደ ቡናማ የሚያደላው ዊልማይት ነው። እዚህም እዚያም እንደ ደም ጠብታ ቀልቶ የሚታየው ደግሞ ዚንካይት ነው። ቅንጣቶቹ እንዲሁ የተበተኑ አይደሉም። ዐለቱ በተለጠጠበት አቅጣጫ በመስመር ተሰልፈዋል፤ አንዱ መስመር ጥቁር ይበዛበታል፣ ቀጣዩ አረንጓዴ።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ንጹሕ ዚንካይት የዚንክና የኦክስጅን ውህድ ነው፤ ከክብደቱ 80 በመቶው ዚንክ ነው። ንጹሕ ዊልማይት የዚንክ ሲሊኬት ነው፤ 59 በመቶ ገደማ ዚንክ አለው። ፍራንክሊናይት የዚንክና የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ማንጋኒዝም ይገባበታል። ንጹሑ ቢገኝ ከ27 በመቶ አይበልጥም፤ የተፈጥሮው ግን ማንጋኒዙና ብረቱ የዚንኩን ቦታ ስለሚሻሙ ከዚያም ያነሰ ይሆናል። በድንጋዩ ውስጥ በብዛት ያለው ደግሞ ይኸው ዚንኩ አነስተኛ የሆነው ፍራንክሊናይት ነው። ዊልማይት ይከተላል። ዚንካይት ጥቂት ነው፤ በስተርሊንግ ሂል ይሻላል። አንድ ቁጥር ሆኖ የቀረበው ዚንክ እንግዲህ ጠባያቸው በማይመሳሰል ሦስት ቤቶች ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው።

ችግሩ እንዴት ተደራረበ

የመጀመሪያው ስህተት ማዕድኑን አለመለየት ነው። ጥቁሩን ያዩ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ማግኔታይት፣ ማለትም ተራ የብረት ማዕድን፣ መስሏቸው ነበር። ቀዩን ያዩት ደግሞ የመዳብ ማዕድን ነው ብለው ገመቱ፤ ለምርመራ ወደ እንግሊዝ የተላከ ጭነት እንደነበረም ይነገራል። ዚንካይት በሳይንስ የተገለጸው በ1810፣ ፍራንክሊናይት ደግሞ በ1819 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሁለቱንም ስህተቶች ያልተቀባ ሸክላ ላይ በመጫር ብቻ መጠርጠር ይቻል ነበር። ማግኔታይት ጥቁር ሰረዝ ይተዋል፣ ፍራንክሊናይት ወደ ቡናማ ያደላ። ቀዩ የመዳብ ማዕድን ቡናማ ቀይ ይሰጣል፣ ዚንካይት ብርቱካንማ ቢጫ። ይህ ፈተና ዛሬም ከማንኛውም የመስክ ቦርሳ መጥፋት የለበትም።

ሁለተኛው ችግር ምድጃው ነው። ጥቁሩን ማዕድን እንደ ብረት ማዕድን ወደ ማቅለጫ የጨመሩት ሰዎች አልተሳካላቸውም። ዚንኩ በሙቀት ተንኖ ከምድጃው ላይኛው ክፍል ቀዝቀዝ ሲል ግድግዳው ላይ ይጋገራል፤ ከታች ያለው ደግሞ እንደሚጠበቀው ፈስሶ አይወጣም፣ እዚያው ይረጋል። በተቃራኒው ፍራንክሊናይቱን እንደ ዚንክ ማዕድን ቆጥረው፣ የዚንክ ብረት፣ ማለትም ዚንኩ ራሱ በብረታማ መልኩ፣ በሚወጣበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ቢያስገቡት ብረቱና ማንጋኒዙ የሸክላውን ግድግዳ ይበሉታል። በብረትም በዚንክም መንገድ አልሄድ ያለው በአንድ ምክንያት ነው፤ ዚንኩና ብረቱ የተቆራኙት በአንዲት ቅንጣት ውስጥ፣ በአቶም ደረጃ ነው። ድንጋዩን የቱንም ያህል ቢያደቁት አይለያዩም።

ሦስተኛው የጠቀስኩት ውል ነው። ውሉን የጻፉት ሰዎች “ዚንክ” እና “ብረት” የሚሉትን ቃላት እንደ ንግድ ዕቃ ስም ነው የተጠቀሙባቸው። ለማዕድን ባለሙያው ግን ፍራንክሊናይት ሁለቱንም ነው። ዳኞች ስለ ቅንጣት ቅልቅልና ስለ ኬሚካል ይዘት የሚሰጥ ምስክርነት እንዲሰሙ ተገደዱ። ምስክርነቱም ቢሆን የሚያስማማ መልስ አልነበረውም፤ የውሉ ጥያቄ ራሱ ድንጋዩ ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ነበርና።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የሠራው ትንሹ ነገር ነው። በ1830ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ለመለኪያና ለመመዘኛ ደረጃ የሚሆን ናስ (የመዳብና የዚንክ ቅይጥ) ሲያስፈልገው፣ ከዚሁ አካባቢ በተለቀመ ዚንካይት ዋሽንግተን ባለው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ዚንክ ተመረተ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ዚንክ ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ነው። የተሳካውም የተመረጠው ማዕድን ቀላሉና ንጹሑ ስለነበረ ነው። ግን በእጅ እየተለቀመ ፋብሪካ አይቆምም፤ ወጪውም ከባድ ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1850ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጥያቄውን የቀየሩት ሰዎች መፍትሔውን አገኙ። ብረት እንዴት ይውጣ፣ የዚንክ ብረትስ እንዴት ይውጣ ከማለት ይልቅ፣ ከዚህ ድንጋይ በቀላሉ የሚወጣው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። የተፈጨው ማዕድን ከደቃቅ የድንጋይ ከሰል ጋር ተደባልቆ፣ ቀዳዳ ባለው የብረት ፍርግርግ ላይ ተዘርግቶ ከሥሩ አየር ተነፋበት። ዚንኩ ተነነ፣ ከላይ ከአየሩ ጋር ሲገናኝ ተቃጥሎ ነጭ ጭስ ሆነ። ጭሱም በቧንቧ ተስቦ በረጃጅም የጨርቅ ከረጢቶች ተጠለለ። ከከረጢቱ የተራገፈው ነጭ ዱቄት፣ ዚንክ ኦክሳይድ፣ በእርሳስ የሚሠራውን መርዛማ ነጭ ቀለም የሚተካ ሸቀጥ ሆነ።

ፍርግርጉ ላይ የቀረው ቅሪት አልተጣለም። በብረትና በማንጋኒዝ የበለጸገ ስለነበር ወደ ብረት ማቅለጫ ሄደ፤ ከእሱም ስፒግል የሚባለው ማንጋኒዝ የበዛበት ብረት ወጣ። የዚያን ጊዜ የአረብ ብረት ፋብሪካዎች ይህን ይፈልጉት ነበር። ለቀድሞዎቹ ምድጃዎች ጠንቅ የነበረው ማንጋኒዝ እንዲህ ሆኖ የሚሸጥ ነገር ሆነ። ዚንኩ በቅድሚያ ከተነነ በኋላ ብረቱ አያስቸግርም፤ ነገሩ ሁሉ የቅደም ተከተል ነበር።

ቀጣዩ እርምጃ ቅንጣቶቹን መለየት ነው። ፍራንክሊናይት ማግኔት ይስበዋል፣ ግን ደካማ ነው፤ ለማግኔታይት የሚበቃው ተራ ማግኔት ይለቀዋል። በ1896 እጅግ ጠንካራ መስክ የሚፈጥር የኤሌክትሮ ማግኔት መለያ ለፍራንክሊን ማዕድን ተሠራ። የተፈጨው ማዕድን በቀበቶ ላይ ሲያልፍ ፍራንክሊናይቱ ወደ ማግኔቱ ይሳባል። ዊልማይት፣ ዚንካይትና ካልሳይት ቀበቶው ላይ ይቀራሉ። ካልሳይቱ ቀላል ነው፤ ዊልማይት ከውሃ አራት እጥፍ ሲከብድ እሱ ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ በውሃ እየናጡ ያስወግዱታል። ፍራንክሊናይቱ ወደ ነጭ ዱቄቱና ወደ ስፒግሉ፣ ዊልማይቱና ዚንካይቱ ደግሞ ወደ ዚንክ ብረት ሄዱ። እርሳስ የሌለበት ማዕድን ስለሆነ የወጣው ዚንክ በንጽሕናው የታወቀ ነበር።

ይህ የሆነው ቅንጣቶቹ ትልልቅ በመሆናቸው ነው። ሙቀቱ ድንጋዩን እንደ አዲስ ሲሠራው ፍራንክሊናይቱንና ዊልማይቱን በዓይን በሚታይ መጠን ለየብቻ አሳድጓቸዋል። ያው ማዕድን፣ በያው የዚንክ መጠን፣ ቅንጣቱ ዱቄት የሚያክል ቢሆን ኖሮ ያ መለያ ባዶውን በዞረ ነበር።

ያልሠራው

መለያው ሁሉንም አልለየም። ከሁለቱ ምርቶች መካከል ሦስተኛ ነገር ይወጣ ነበር፤ ሠራተኞቹ “ግማሽ በግማሽ” ይሉት ነበር። ፍራንክሊናይትና ዊልማይት ተጣብቀው የቀሩባቸው ቅንጣቶች ናቸው፤ ማግኔቱ ሙሉ በሙሉ አይስባቸውም፣ ሙሉ በሙሉም አይተዋቸውም። እንደ ማንጋኒዝ ያዘሉ ሲሊኬቶችና ጋርኔት ያሉትም ወደ ማግኔቱ ስለሚያዘነብሉ ፍራንክሊናይቱን ያቆሽሹታል።

ከዚያ የባሰውን የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። ቴፍሮይት የሚባል የማንጋኒዝ ሲሊኬት እዚያ አለ። በከፍተኛ ሙቀት ዚንኩን በውስጡ ይዞ ይቆያል፤ ሲቀዘቅዝ መያዝ ያቅተውና ዚንኩ በቀጫጭን የዊልማይት ዝርግ ሆኖ፣ በቴፍሮይቱ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ተደርድሮ ይወጣል። በማጉያ መነጽር ቅንጣቱ አንድ ወጥ ማዕድን ይመስላል። በማይክሮስኮፕ ግን እንደ ሸማ ጥለት የተሰመረ ነው። ይህን ዝርግ የሚፈታ ወፍጮ የለም። ዚንኩ ግን በላቦራቶሪ ውጤት ላይ እንደማንኛውም ዚንክ ተቆጥሯል።

ከወፍጮው ቤት ቅሪት ጋር የሚያመልጠውን ዊልማይት ለመያዝ የተገኘው ዘዴ ግን በጣም ያስደስተኛል። ዊልማይትና ካልሳይት በቅሪቱ አሸዋ ውስጥ በዓይን አይለዩም። አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራባቸው ግን ዊልማይቱ አረንጓዴ፣ ካልሳይቱ ቀይ ሆኖ ይፈካል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ በብረት ዘንጎች መካከል ከሚፈነጠቅ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይህን ብርሃን እያገኘ ቅሪቱን ይመረምርበት ነበር። አረንጓዴው ከበዛ ዚንክ እየተጣለ ነው ማለት ነው፤ ማሽኑ ይስተካከላል። የላቦራቶሪ ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም። ምክንያቱ በዊልማይቱ ውስጥ የዚንክን ቦታ የተካ ጥቂት ማንጋኒዝ ነው። ለምድጃ ጠንቅ የነበረው ያው ማንጋኒዝ እዚህ መብራት ሆነ።

ብርቅዬዎቹ

ከሁለቱ ክምችቶች ከ350 በላይ የማዕድን ዓይነቶች ተመዝግበዋል፤ ይህን ያህል የሚቆጠርባቸው ቦታዎች በዓለም ጥቂት ናቸው። ብዙ ጊዜ ለሙዚየም የሚሆኑ ጌጦች ተደርገው ይታያሉ። ለእኔ ግን የዐለቱን ታሪክ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ሃርዲስቶናይትን ውሰዱ፤ በ1899 የተገለጸ የካልሲየምና የዚንክ ሲሊኬት ነው። በቀን ብርሃን ግራጫማ፣ ማንም የማያነሣው ድንጋይ ነው። በአልትራቫዮሌት ሐምራዊ ይሆናል። አንዳንዴ ስንጥቆቹን ተከትሎ ብርቱካንማ መስመር ይታይበታል፤ እሱ ክላይኖሄድራይት ነው፣ ሃርዲስቶናይቱ ላይ ውሃ ካለፈ በኋላ የተፈጠረ። አጠገቡ ሎሚ ቢጫ የሚያበራ ኤስፔራይት ሊኖር ይችላል፤ ይህኛው እርሳስ አለበት። በአንድ ድንጋይ ላይ ሦስት ቀለም አይታችሁ ሁለት ዘመን ታነባላችሁ፤ መጀመሪያ በሙቀት የተሠራውን፣ በኋላ በስንጥቅ የመጣውን። ሆድግኪንሶናይት የሚባለው ሮዝማ የዚንክና የማንጋኒዝ ሲሊኬትም የሚገኘው ዋናውን ማዕድን ሰንጥቀው በሚያልፉ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ነው።

ስተርሊንግ ሂል በ1986 ሥራውን አቁሞ በ1990 ሙዚየም ሆኖ ተከፍቷል። ዋሻው ውስጥ ገብቼ መብራቱ ሲጠፋና የአልትራቫዮሌት መብራቱ ሲበራ ያየሁትን አልረሳውም። አመድ የሚመስለው ግድግዳ በቀይና በአረንጓዴ ነደደ፤ ከመሃሉ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው የቀሩት ፍራንክሊናይቶች ነበሩ። ቀይ ካልሳይት፣ አረንጓዴ ዊልማይት፣ ጥቁር ፍራንክሊናይት። የቅንጣቱ መጠን፣ አሰላለፉ፣ ማን ማንን እንዳቀፈ፣ ሁሉም በአንድ እይታ ታየ። ለክሱ ዳኞች ያስፈልጋቸው የነበረው ካርታ ይህ ነበር።

ወደ ሌላ ቦታ የሚሻገረው

በሰሜን ኢትዮጵያ ጥንታዊ ዐለቶች ውስጥ የሚጠናው ዚንክ ከመዳብና ከወርቅ ጋር በድኝ ማዕድን ውስጥ ያለ ነው። ስለዚህ የፍራንክሊን ማግኔትና መብራት እዚህ በቀጥታ አይሠሩም። ጥያቄው ግን ያው ነው። ስፋሌራይት ውስጥ የመዳብ ማዕድን እንደ ነጠብጣብ ረቅቆ ተበትኖ ከሆነ ዚንኩና መዳቡ የተፈጨ ማዕድን በአረፋ ተንሳፍፎ በሚለይበት ገንዳ አይለያዩም። ከላይ በዝገት በቀላው ክፍል ደግሞ ዚንኩ በብረት ዝገቱ ውስጥ ሰርጎ ሊገኝ ይችላል፤ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ማዕድኑ ግን የሚወጣ አይሆንም። ስለዚህ የናሙናዎች ጥቅል ወደ ላቦራቶሪ ሲላክ ከየዓይነቱ ጥቂት ቁራጭ ለማይክሮስኮፕ ይቀመጥ። ሪፖርቱም ከ“ዚንክ ስንት በመቶ” ቀጥሎ “በምን ማዕድን፣ በምን ያህል ቅንጣት” የሚል ዓምድ ይኑረው። የፈቃድና የሽያጭ ውል ሲጻፍም እንዲሁ፤ መብቱን በንጥረ ነገር ስም ከመክፈል በቦታና በጥልቀት ወሰን መክፈል ይሻላል።

ፍራንክሊናይት ከኒው ጀርሲ ውጭም ሳይጠራ ይመጣል። ብረት ያለበት ስፋሌራይት በፋብሪካ ሲጠበስ ያው የዚንክና የብረት ኦክሳይድ በምድጃው ውስጥ ይፈጠራል፤ በቀላል አሲድ ስለማይሟሟ የዚንክ ማጣሪያዎችን ለብዙ ዓመታት አስቸግሯል። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ከሌላ ቁርጥራጭ ብረት ጋር በሚቀልጥበት የብረት ፋብሪካ የጭስ አቧራ ውስጥም ይገኛል። ከአቧራው ዚንክ ለማውጣት የሚያስብ ሰው የሚገጥመው የፍራንክሊን ችግር ነው፤ ዛሬም በስፋት የሚሠራው መልስ ከከሰል ጋር አሙቆ ዚንኩን በቅድሚያ ማትነን ነው።

የመጨረሻው ነገር የናሙና ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ ፓርከር ከተባለው የፍራንክሊን ጉድጓድ በጊዜው ለሳይንስ አዲስ የሆኑ በርካታ ማዕድናት ወጥተው ተገልጸዋል። ከፍራንክሊን የተረፉት ብዙ ብርቅዬ ቁራጮች የተረፉት ዓይተው ማለፍ ያልቻሉ ቆፋሪዎች በምሳ ዕቃቸው ይዘዋቸው ስለወጡ ነው። ማዕድኑ ቀረልን፤ ከየትኛው ደረጃ፣ ከየትኛው ግድግዳ፣ ከምን ጎን እንደተወሰደ ግን ብዙዎቹ ላይ አልተጻፈም። የፍራንክሊን ጉድጓድ ማዕድኑ አልቆ በ1954 ተዘግቷል፤ ተመልሶ የሚለካ ግድግዳ የለም።